ልደታ ወይስ ቱሉ ዲምቱ? ልጆች ይዘን ሁለቱንም ኖረንባቸዋል

ቤት የሚፈልግ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። መሃል ከተማ ጠበብ ያለ ቤት ይሻላል ወይስ ዳር ወጥቶ ሰፋ ያለ? እኛ ሁለቱንም ኖረንበታል። መጀመሪያ ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን ነበር። ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ ቤቱ አልበቃ አለን፣ ቱሉ ዲምቱ ባለ ሁለት መኝታ አግኝተን ገባን፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነን። ስለዚህ እንደ ደላላ ሳይሆን እንደኖረበት ሰው ልንገራችሁ። ላጤ ለሆነ ሰው ይሄ ጽሑፍ ብዙም አይጠቅም ይሆናል፣ ምክንያቱም እኔ ሁሉንም ነገር የምመዝነው በልጆች ነው።

መልሱን ከአሁኑ ልናገር። ከባልና ሚስቱ አንዳቸው እንኳ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ቂሊንጦ ወይም ሳሪስ አካባቢ የሚሰሩ ከሆነ ቱሉ ዲምቱ ለልጅ ማሳደጊያ ግሩም ሰፈር ነው። ሁለቱም መሃል ከተማ የሚሰሩ ከሆነ ግን በቤቱ ስፋት እንዳትታለሉ፣ የልደታው ጠባብ ቤት ይሻላችኋል። ባለቤቴ የሚሰራው ቃሊቲ ነው፣ እኔ ደግሞ ሜክሲኮ። ለዚህ ነው ሁለቱም ጎን የሚታየኝ።

ከልደታ ልጀምር። ቦታውን በተመለከተ ምንም አይወጣለትም። ሜክሲኮ በእግር ይደረሳል፣ መርካቶ ቅርብ ነው፣ ባቡሩ አፍንጫችሁ ስር ነው። ሁለቱም የባቡር መስመሮች በልደታ ስለሚያልፉ ከአንድ ፌርማታ ተነስቶ ወደ አያትም፣ ወደ ቃሊቲም፣ ወደ ጦር ኃይሎችም መሄድ ይቻላል። እኔ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ በእግሬ ቢሮ እገባ ነበር፣ ማታ ከሥራ ወጥቼ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ነኝ፣ ሽንኩርት ከትፌ ወጥ ጥጄ ልጄ የቤት ሥራዋን አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰራለች። ያን ጊዜ ይሄ ነገር ሀብት መሆኑ አይታየኝም ነበር፣ የማንም ሰው ኑሮ ይመስለኝ ነበር።

ሆስፒታልም እንደዚያው ነው። ደጃዝማች ባልቻ እዚያው ሰፈር ነው፣ ጥቁር አንበሳም ሩቅ አይደለም፣ የግል ክሊኒክ በየመንገዱ አለ። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ልጅ ሌሊት ላይ ትኩሳት ሲይዘው አቅፎ ወጥቶ ሐኪም ዘንድ መድረስ ምንም ማለት አልነበረም።

ችግሩ ቤቱና ግቢው ነው። ባለ አንድ መኝታ ከሁለት ልጅ ጋር በጣም ይጠባል። ሳሎኑ ቀን ሳሎን፣ ማታ መኝታ ነው፣ እንግዳ ከመጣ ደግሞ ፍራሽ ተነስቶ በረንዳ ላይ ይቆማል። ምድር ቤቱ በሙሉ ሱቅ ስለሆነ ድምፁም አለ። እኛ ከነበርንበት ብሎክ ሥር ግሮሰሪ ነበር፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ይዘልቃል፣ ሕፃን አስተኝቶ በር ሲዘጋ በመስኮት ይገባል፣ መስኮት ሲዘጋ በወለሉ ይመጣል። ለብሎኩ ኮሚቴ ተናግረን ለሁለት ሳምንት ቀነስ አደረጉት፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ሆነ።

ግቢው ደግሞ መኪና ነው። ነዋሪውም፣ ጠበቃውም፣ ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለውም ሁሉ እዚያ ያቆማል። ልጆች ኳስ ሲመቱ አንድ ሰው ከአንድ መስኮት ይጮህባቸዋል። ትልቋ ልጄ ሳይክሏን የነዳችው ኮሪደር ላይ ነው፣ እሱም ጎረቤት እስኪቆጣ ድረስ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የቀራት ቴሌቪዥን ነው። ይሄ ነገር ሆዴን ይበላው ነበር፣ አልደብቅም። እኔ ያደግሁት ከትምህርት ቤት መልስ ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ እየተጫወትኩ እናቴ በስሜ እስክትጠራኝ ድረስ ደጅ ነበር፣ ልጄም ይሄን ታግኝ ብዬ ነው ከልደታ የወጣሁት ማለት እችላለሁ።

ቱሉ ዲምቱ ይሄን ሰጥቶናል። ሙሉ በሙሉ። በብሎኮቹ መካከል ያለው ሜዳ ሰፊ ነው፣ መኪናው ጥቂት ነው፣ ልጆቹ ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም እዚያ የገባው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ልጅ ያለው ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። ትልቋ ብስክሌት በአንድ ሳምንት ቻለች። ትንሹ ብይ ይጫወታል፣ ኪሱ በአፈር ይሞላል፣ ሲጠራ "አንዴ ብቻ" ይላል። ከበረንዳ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ፣ እኔ ባላይ እንኳ ሌላ እናት ታያለች። አንድ ቀን ትንሹ ወደ ዋናው መንገድ ሲሄድ ያየችው ከማዶ ብሎክ ያለች ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት ናት፣ እጁን ይዛ በየደረጃው "የማን ልጅ ነው?" እያለች አምጥታ አስረከበችኝ። ልደታ ጥሩ ጎረቤት አልነበረንም ለማለት አይደለም። ግን እዚያ ተከራዩ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ሰላምታ ስትለማመዱ ሰውየው ዕቃ ሲጭን ታዩታላችሁ። እዚህ የብሎካችን ዕድር አለ፣ ግንቦት ልደታ ሲሆን ደጅ ላይ ንፍሮ ተቀቅሎ ቡና ተፈልቶ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል፣ አራስ ስትኖር ገንፎው ከየቤቱ ይመጣል። ትንሹን ይዤ የመጣሁት ገና ጨቅላ ሳለ ስለሆነ ይሄን በደንብ አውቀዋለሁ። ያኔ ማንንም አላውቅም ነበር፣ እነሱ ግን በር አንኳኩተው ገቡ።

ቤቱ የ20/80 ነው፣ ባለ ዕድሉ 20 በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚወስደው ኮንዶሚኒየም ማለት ነው። እንደምታውቁት መንግሥት የሚያስረክበው ሳያልቅ ስለሆነ ፊኒሺንጉ በባለቤቱ ላይ ነው፣ አንዱ ቤት ሴራሚክና ኮርኒስ ያለው ሲሆን ቀጥሎ ያለው ባዶ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል፣ ኪራዩም በዚያው ይለያያል። አይታችሁ ተከራዩ። ብርሃኑ ደስ ይላል፣ አየሩ ከመሃል ከተማው ሞቅ ይላል። ልደታ ለባለ አንድ መኝታ በምንከፍለው ብር እዚህ ባለ ሁለት መኝታ ይዘን ትርፍ ይኖረናል፣ ግን ቆዩ፣ ያ ትርፍ የት እንደሚሄድ እነግራችኋለሁ።

ወደ መንገዱ እንምጣ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ከሜክሲኮ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርታ ስታዩት ምንም አይመስልም። ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ ተራው ጋ ስትደርሱ ግን ሰልፉ ተጠማዝዞ ይጠብቃችኋል። አውቶቡስ ከመጣ ደህና፣ ካልመጣ ቅጥቅጥ፣ እሱም ከጠፋ ሚኒባሱ መንገዱን እየቆራረጠ ይጭናል፣ እስከ ቃሊቲ ብቻ፣ ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ብቻ፣ ከዚያ እንደገና ሰልፍ። ባቡሩ መፍትሄ ሊሆን ይችል ነበር። የቃሊቲው መስመር በቀጥታ ሜክሲኮና ልደታ ይወስዳል፣ በ2008 ዓ.ም. ሁለቱ መስመሮች ሲከፈቱ 41 ባቡር ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፣ ስለዚህ የመጣው ባቡር ጢም ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሳሪስ የቆመ ሰው እግሩን ማስገቢያ ያጣል። ከቃሊቲ ጀምሮ መሳፈር ስለሆነ ለእኛ ይሻለናል፣ ወንበርም አንዳንዴ ይገኛል፣ ግን እስከ ቃሊቲ ለመድረስ ያው ታክሲ ነው።

ማታ ደግሞ ይብሳል። ሜክሲኮ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውን ሰልፍ የማያውቅ የለም። ዝናብ ከጣለ ታክሲዎቹ ይጠፋሉ። ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን ታክሲዎች በስልክ መጥራት ይቻላል፣ ያ ከኪራዩ ተረፈ ያልኩት ብር የሚሄደው እዚያ ነው። በወሩ መጨረሻ ስደምረው ከኪራይ ያተረፍነው ግማሽ ያህሉ ትራንስፖርት ላይ ቀልጧል፣ ሁለታችንም መሃል ከተማ ብንሰራ ኖሮ ሙሉውን ይበላው ነበር።

ብሩን ግን እሺ ልበለው። የሚከፋኝ ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤት የምደርሰው ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነበር። ትልቋ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ ተኝታ አገኛታለሁ። ኮሙኒኬሽን ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ እርሳስ መሃሉ ላይ ተቀምጧል፣ መምህርቷ የጻፈችው አለ፣ ከሥሩ "የወላጅ ፊርማ" የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እኔ እንድፈርም ከፍታ ጠብቃኝ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ባለቤቴ ቀድሞ ገብቶ አብልቷታል፣ አጥቧታል፣ እሱ ሊፈርምም ይችል ነበር፣ "እማዬ ታያለች" ብላ እምቢ ብላው ነው። ሰፊ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ሁሉም አለ፣ እናትየዋ ግን ቃሊቲ ማሳለጫ ላይ ናት። አሁን ሥራ የምገባበትን ሰዓት ቀድሜ እንድወጣ አስተካክለውልኛል፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ፣ ፊርማዬም ቦታው ላይ ነው። ሁሉም መሥሪያ ቤት ግን እንዲህ አይፈቅድም። ሁለቱም ወላጆች በዚያ ሰልፍ ላይ የሚቆሙባቸውን ልጆች በብሎካችን አያለሁ፣ ሠራተኛዋ ናት የምታሳድጋቸው፣ እናትና አባታቸውን በደንብ የሚያዩት እሁድ እሁድ ነው። ለዚህ ነው ከላይ ያልኩትን ያልኩት።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ አንድ ነገር በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። ዳር ወጥታችሁ ልጁን መሃል ከተማ የድሮው ትምህርት ቤቱ አታስቀሩት። አንድ ጎረቤታችን እንደዚያ አድርጋ ነበር፣ ልጁ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ይነሳል፣ በጨለማ ሰርቪስ ላይ ይወጣል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ይሄ ግፍ ነው። ሳይቱ ውስጥና ዙሪያው የመንግሥትም የግልም ትምህርት ቤት አለ። የግሎቹ ምርጫቸው እንደ መሃል ከተማው ሰፊ አይደለም፣ ክፍሎቹም በልጅ የተሞሉ ናቸው፣ የእኔ ልጅ ግን በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች፣ ጠዋት ቁርሷን በልታ ነው የምትሄደው። ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ምረጡ፣ ቦታ መኖሩን አረጋግጡ፣ ከዚያ ቤቱን በእሱ ዙሪያ ፈልጉ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

ሕክምና ላይ ልደታ ይበልጣል፣ ምንም ክርክር የለውም። እዚህ ጤና ጣቢያና ክሊኒኮች አሉ፣ ለከበደ ነገር ግን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው የምንሄደው፣ ሌሊት ከሆነ መኪና ማግኘት አለባችሁ። የታክሲ ሹፌር ጎረቤት ስልክ መያዝ ግድ ነው። አስም ወይም ተደጋጋሚ ክትትል የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ እንደሆነ እኔ ዳር አልመክራችሁም።

ውሃ በሁለቱም ቦታ በፈረቃ ነው፣ ግን ዳር ላይ ፈረቃው ይረዝማል። ለከተማው ብዙ ውሃ የሚሰጡት የአቃቂ ጉድጓዶች ከእኛ ሩቅ አይደሉም፣ ሆኖም ላይኛው ፎቅ ላይ ግፊቱ አይደርስም፣ ውሃ በመጣበት ሌሊት ነቅቶ መቅዳት የሴቶቹ ሥራ ሆኗል። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልገኝም። አራተኛ ፎቅ ሊፍት በሌለበት ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት ወገብ ይጥላል። ስለዚህ ቤት ስታዩ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ሮቶ አለው ወይ? ፓምፕስ?" ይሁን፣ ደላላውን ሳይሆን ጥበቃውን ወይም ምድር ቤት ያሉትን ጠይቁ፣ "ውሃ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?" ብላችሁ። እነሱ አይዋሹም። መብራቱም ይሄዳል፣ በተለይ ብሎኩ ሁሉ አንድ ላይ እንጀራ ሲጋግር። ኮሙናሉ፣ የነዋሪው የጋራ ቤት ማለቴ ነው፣ ለመጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ነው የተሠራው፣ አንዳንዱ ብሎክ በደንብ ይጠቀምበታል፣ አንዳንዱ ጋ መጋዘን ሆኗል፣ እሱንም እግረ መንገዳችሁን እዩት።

አስቤዛ ላይ ልደታ መርካቶን ስለሚጎራበት እህሉም ቅመሙም ይረክሳል። እዚህ ጉሊቱ ጥሩ ነው፣ አትክልቱ ትኩስ ነው፣ ጤፍና ዘይት ግን በወር አንዴ ጠቅልሎ መግዛት ያዋጣል። ከዚህ ይልቅ ማንም የማይነግራችሁ አንድ ጥቅም አለ። የአዲስ አዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዘን ቢሾፍቱ አክስቴ ቤት ስንሄድ ፒያሳ ከመሄድ ይቀለናል፣ ሐይቁ ዳር ውለን ማታ እንመለሳለን። ልደታ ሳለን ከከተማ ለመውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ይሄድ ነበር።

ከውጭ ሀገር ሆነው ለወላጆቻቸው ቤት ለሚፈልጉም አንድ ቃል ልበል፣ ሁለት ዘመዶቼ በዚሁ ጉዳይ ደውለውልኛልና። አሜሪካ ሆኖ በቪዲዮ ቤት ማየት የቤቱን ስፋት ብቻ ነው የሚያሳየው። ለእናት ለአባት ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ካልሆነ አትያዙ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግር የሚደረስ ይሁን፣ ዕድራቸው የድሮው ሰፈር ከሆነ ደግሞ ከዚያ አታርቋቸው፣ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚይዙ አዛውንት ቀስ በቀስ ይቀራሉ።

ስለ ኪራይ ውሉም ልንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፣ ውሉ መመዝገብም አለበት። አንድ አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠይቆን ነበር፣ ሕጉን በትህትና ስንነግረው "ሌላ ተከራይ አለኝ" አለን፣ ተውነው፣ በሳምንቱ የተሻለ ቤት አገኘን። ልጅ ላለው ሰው ይሄ የሁለት ዓመት ነገር ትልቅ ዋስትና ነው፣ ልጁ በትምህርት ዓመት መሃል ሰፈር አይቀይርም።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለልደታ ከ5 ሦስት ተኩል፣ ለቱሉ ዲምቱ ለእኛ ቤተሰብ አራት። ሁለታችንም ሜክሲኮ ብንሰራ ግን ለቱሉ ዲምቱ ሁለት ነበር የምሰጠው፣ ነገ ዕቃዬን ጭኜ ወደዚያች ጠባብ ቤት እመለስ ነበር።

መሃል መንገድ ያለ ነገር ለምትፈልጉ አያትና ሲኤምሲ አካባቢ ያሉትን ሳይቶች እዩ። ባቡሩ አያት ድረስ ይደርሳል፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታም አለ፣ ኪራዩ ግን ከቱሉ ዲምቱ ከፍ ይላል። የካ አባዶም ቦሌ አራብሳም እንደ እኛው ዳር ናቸው፣ ሥራችሁ መገናኛ በኩል ከሆነ ለእነሱም ያልኩት ሁሉ ይሠራል፣ ቃሊቲ ባልኩበት መገናኛ በሉበት።

ቤቱን ለማየት በሥራ ቀን ሂዱ፣ እሁድ ከደላላ ጋር ሁሉም መንገድ ባዶ ነው። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት እዚያ ተገኝታችሁ እስከ ቢሮ ድረስ በታክሲ ሂዱ፣ ማታም በሥራ መውጫ ሰዓት ተመለሱ። ለመግባት ከወሰናችሁ ደግሞ ሰኔ መግቢያ ላይ ግቡ። ክረምቱ ከገባ ወደ አንዳንዱ ብሎክ የሚወስደው ውስጥ ለውስጥ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን አይሱዙው ደጃፍ ድረስ አይደርስም፣ ፍሪጅና ቁም ሳጥን በሰው ትከሻ ማስገባት ሌላ ወጪ ነው፣ የትምህርት ቤት ምዝገባውም እስከ መስከረም ከጠበቃችሁ ቦታ ያልቃል።